ርካሽ የፕላስቲክ ጀልባ የሐዋሳን ወጣት ውሃ ላይ ያወጣል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አምስት ጓደኛሞች ነን። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ እዚያ በትልልቅ ሱቆች ካያክ የሚባል በመቅዘፊያ የሚሄድ ትንሽ የፕላስቲክ ጀልባ በ250 ዶላር እንደሚሸጥ ነግሮን ፎቶውንም ልኳል። 5 ሺህ ዶላር አዋጥተን ሃያ ብናስመጣ፣ ቆይተን ደግሞ ሸራ የሚገጠምላቸውን ብንጨምር፣ የከተማው ወጣት የቀዘፋና የሸራ ጀልባ ስፖርት አይጀምርም? እስከ ዛሬ ያልተጀመረው ጀልባ ውድ ስለሆነ ነው ብለን እናምናለን። አንዳንዶች ግን የፕላስቲክ ጀልባ መጫወቻ ነው ይሉናል።»

መጫወቻ ነው የሚሏችሁን ተዋቸው። ቀዘፋን ከጥቂት ሰዎች እጅ አውጥቶ ለብዙው ሰው ያደረሰው ፕላስቲክ ነው። ግን እናንተም ግማሹን ስታችኋል። ጀልባ ውድ መሆኑ እውነት ነው፣ ስፖርቱ ያልተጀመረው ግን በዚያ ምክንያት አይመስለኝም። ሃያ ጀልባ አምጥታችሁ ዳር ላይ ብትደረድሩ በሁለተኛው ዓመት አሥራ አምስቱ የሰው ጓሮ ውስጥ ዶሮ ማሳደሪያ ይሆናሉ።

ጣናን ተመልከቱ። ከደንገል ከሚሠራው ታንኳ በታች ርካሽ ጀልባ ይገኛል ለማለት ይከብዳል። ደንገሉ ከዳር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ አለቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ሌላ ይሠራል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ለዘመናት ሲሠሩት ኖረዋል። ማገዶ ተጭኖበት ባሕር ዳር ይገባል፣ ዓሣ ይጠመድበታል። ታዲያ የባሕር ዳር ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ለመዝናናት ብሎ ታንኳ ላይ ሲወጣ አይታችኋል? ጀልባው በእጁ ነበር። ያልነበረው ሌላው ነው። ዋና የሚያስተምረው ሰው አልነበረም። ውሃ ላይ መውጣት እንደ ድሃ ሥራ ነው የሚታየው፣ እናት ደግሞ «ሐይቁ ይበላሃል» እያለች ነው ያሳደገችው። እናት አልተሳሳተችም፤ ዋና የማይችል ልጅን ሐይቅ ይበላል።

ስለዚህ ጥያቄውን ልቀይረው። ርካሽ ፕላስቲክ የትኛውን በር ይከፍታል፣ የትኛውን አይከፍትም?

በየጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ ታውቁታላችሁ። ብዙው የፕላስቲክ ካያክ የሚሠራው ልክ እንደሱ ነው። ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ዱቄት ባዶ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ይጨመራል፣ ሞልዱ የጋለ ምድጃ ውስጥ በሁሉም አቅጣጫ እየተገላበጠ ይሽከረከራል፣ ዱቄቱ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ጀልባው አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። ስፌት የለው፣ መገጣጠሚያ የለው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወደ ካያክ ከመግባቱ በፊት ቀዛፊው በአብዛኛው የሚጠቀመው ፋይበር ግላስ ነበር። ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ድንጋይ ሲነካው ግን ይሰነጠቃል። ቅዳሜ የቀዘፈ ሰው እሑድን ሲለጥፍ ይውላል። ፕላስቲኩ ሲመጣ ጀማሪው ድንጋይ ላይ ቢያላትመውም፣ ከመኪና ላይ ቢጥለውም፣ አሸዋ ላይ ቢጎትተውም ምንም አልሆነም። ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከዋጋው ይልቅ ቀዘፋን ለብዙ ሰው የከፈተው የጀማሪ ስህተት መቻሉ ነው። አንድ ጀልባ መቶ ጀማሪ ሊያስተናግድ ቻለ።

ሸራ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካያክ ማለት አካሉና አንድ መቅዘፊያ ነው። አካሉ ከረከሰ ሁሉም ረከሰ ማለት ነው። የሸራ ጀልባ ግን ምሶሶ አለው፣ ሸራ አለው፣ ገመድና መዘውር አለው፣ መሪ አለው፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ከሥሩ የሚገባ ሳንቃ አለው። አካሉን በነፃ ብታገኙት እንኳ የቀረው ኪስ ያራቁታል። ለዚህ ነው እውነተኛ ማስተማሪያ የሆኑት የፕላስቲክ የሸራ ጀልባዎች አዲስ ሲገዙ በመቶ ሳይሆን በሺህ ዶላር የሚቆጠሩት።

የሸራን ስፖርት ለተራው ሰው ያደረሱት ጀልባዎች ታሪክም የሚለው ይህንኑ ነው። ኦፕቲሚስት የምትባለው የልጆች ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1947 በፍሎሪዳ ክሊርዋተር ከተማ ክላርክ ሚልስ የሚባል ጀልባ ሠሪ ነደፋት። የተሠራችው ከኮምፔንሳቶ ነበር። ሐሳቡ የከተማው ነጋዴ 50 ዶላር አውጥቶ ለአንድ ልጅ አንድ ጀልባ ይግዛ፣ ልጆቹ አንድ ላይ ይሠልጥኑ የሚል ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ1963 ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ሚረር የምትባለውን ቀይ ሸራ ያላት ጀልባ አስተዋወቀ። እሷም ኮምፔንሳቶ ነች። ቁርጥራጩ በጥቅል ይመጣል፣ አባትና ልጅ ቤት ውስጥ በመዳብ ሽቦ ሰፍተው ይለጥፉታል። ዋጋዋ 63 ፓውንድ ከ11 ሽልንግ ነበር። ወደ 70 ሺህ ያህል ተሠርታለች። ሁለቱም ፕላስቲክ አልነበሩም፣ ሁለቱም ተስፋፉ፤ ምክንያቱም ከጀርባቸው ጋዜጣም፣ ነጋዴም፣ ክለብም ነበር። ከዚያ በኋላ በ1977 ኢያን ፕሮክተር የነደፋት ቶፐር በፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ መመረት ጀመረች፣ 43 ኪሎ ብቻ፣ ልጅ በጋሪ የሚገፋት። እሷም በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶችና ክለቦች ገባች። ፕላስቲኩ ክለቡን አልፈጠረም፤ የነበረውን ክለብ ከጥገና ወጪ ገላገለው።

ሌላም አለ፣ ትንሽ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ አንድ የሲጋራ ድርጅት ከፓኮው ካርቶን ቁራጭ ጋር 88 ዶላር ለላከለት ሰው ስናርክ የምትባል የፎም የሸራ ጀልባ እስከ ቤቱ ይልክ ነበር። ጀልባዋ ተቸበቸበች። ሲጋራና ስፖርትን ምን እንዳገናኛቸው አትጠይቁኝ።

«ካያኩ ላይ ትንሽ ሸራ ብንሰካስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ሁሉም ይለዋል። አታድርጉት። ከሥሩ ሳንቃ የሌለው ካያክ ነፋሱ ወደ ነፈሰበት ብቻ ነው የሚሄደው። መሄዱ ደስ ይላል፣ መመለስ ሲመጣ ግን ጉድ ይፈላል።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ካያክ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውስጡ ገብታችሁ እግራችሁን ከመሸፈኛው ሥር የምትዘረጉበት ነው። ሌላው ከላዩ የምትቀመጡበት ነው፣ እንደ ትሪ፤ ከሥሩ የታሸገ ባዶ ክፍል ያለውና ላዩ ላይ የገባ ውሃ በቀዳዳ ወርዶ ወደ ሐይቁ የሚመለስበት። የላካችሁት ፎቶ የመጀመሪያው ነው፣ ያውም ርካሹ፣ ማለትም ውስጡ ግድግዳ ተሠርቶለት ያልተከፋፈለው። እሱ ሲገለበጥ ውሃ ይሞላል። ከ150 ሊትር በላይ ይገባበታል፣ ማለትም ከ150 ኪሎ በላይ። ፖሊኢትሊን ከውሃ ትንሽ ቀለል ስለሚል ወለል ላይ እንደ ረጠበ ጆንያ ተንጠልጥሎ ይቀር ይሆናል፣ ግን ተመልሳችሁ አትገቡበትም፣ ከሐይቁ መካከልም ውሃውን ማፍሰስ አትችሉም። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ አንድ ቀን ይኸው ዓይነት ጀልባ ከዳር 40 ሜትር በማይሞላ ርቀት ተገልብጦብን፣ ዋና የምንችል ሦስት ጎልማሶች ጎትተን ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ጀልባው ላይ የነበረው ልጅ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ) ለብሶ ስለነበር እየሳቀ ጠበቀን። ባይለብስ ኖሮ ይህን የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር።

ከላይ የሚቀመጡበት ግን ሲገለበጥ ትገለብጡታላችሁ፣ በደረታችሁ ተንሸራትታችሁ ትወጣላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። አሥር ደቂቃ ካስተማራችሁት ዋና የሚችል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያደርገዋል። ስለዚህ ለጀማሪ ቡድን ከዚህ ሌላ አትግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ክብደቱም እንደዚያው። የአንድ ሰው ከ22 እስከ 27 ኪሎ፣ የሁለት ሰው ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ሁለት ሰው ይሸከመዋል።

በአየር የሚነፋውን ከ250 ዶላር በታች ታገኙታላችሁ። እሱንም ተዉት። ላንጋኖ ዳር አንድ ማረፊያ ቤት የተነፋ ካያኮች ገዝቶ ነበር፤ አንድ ወቅት ሳያልፍ የግራር እሾህ ጨረሳቸው። ከእሾህ የተረፈው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አየሩ ሲሰፋ ስፌቱ ተተረተረ። ቀላል ስለሆነም ነፋስ እንደ ላባ ነው የሚወስደው።

ስለ ዕድሜውም ትንሽ ልበል። ፕላስቲኩን የሚገድለው ድንጋይ ሳይሆን ፀሐይ ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ያውም ለምድር ወገብ ቅርብ። አልትራቫዮሌት ጨረሩ ከባሕር ጠረፍ ይበረታል። ደጅ የከረመ ርካሽ ጀልባ ቀለሙ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። ጥላ ሥሩለት፤ ሸምበቆና ሣርም ይበቃል። ስታስቀምጡት በሁለት ቀጭን እንጨት ላይ አታጋድሙት፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይጎብጣልና፤ በጎኑ አቁሙት። ሲቀደድ ደግሞ ማስቲሽ አይዘውም፣ ተራ ሙጫ ፖሊኢትሊን ላይ አይጣበቅም። የሚጠገነው በሙቀት ነው፤ ገበያ ውስጥ ጀሪካን በጋለ ብረት የሚደፍኑት ሰዎች እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ጀሪካኑም ጀልባውም የአንድ ቤተሰብ ፕላስቲክ ናቸው። ለትንሽ ቀዳዳ የእነሱ እጅ ይበቃል። ክብደት የሚያርፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ መቀመጫው ሥር ከሆነ ግን ለማንም አትስጡት፣ ጀልባውን ጡረታ አውጡት።

ማጓጓዙን አላሰባችሁበትም መሰለኝ። ጀልባ አየር ነው። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ የምትከፍሉት ለክብደት ሳይሆን ለያዘው ቦታ ነው፤ አንድ ሦስት ሜትር ካያክ ከግማሽ ሜትር ኩብ በላይ ይይዛል። የ250 ዶላሩ ጀልባ ሐዋሳ ሲደርስ 250 ዶላር እንዳልሆነ እወቁት። ከመግዛታችሁ በፊት የጉምሩክ አስተላላፊ ይዛችሁ በታሪፍ ቁጥር 8903 ምን ያህል ቀረጥና ታክስ እንደሚመጣ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ የመዝናኛና የስፖርት ጀልባዎች ከነታንኳና ካያኩ የሚመደቡት በዚያ ቁጥር ነው። በስልክ የተነገራችሁን አትመኑ።

እዚሁ አገር ውስጥ ማሠራትስ? ሮቶ የሚሠራ ፋብሪካ ካያክ መሥራት ይችላል፣ ምድጃውም ዱቄቱም ያው ነው። ውዱ ሞልዱ ነው። ለሃያ ጀልባ ማንም ሞልድ አያሠራላችሁም፤ ለሦስት መቶ ግን ወሬ መጀመር ይቻላል። የጣና፣ የሐዋሳ፣ የባቱና የአርባ ምንጭ ሰዎች አንድ ላይ ቢቆሙ የሚቻል ነገር ነው፣ አሁን ግን የእናንተ ሥራ አይደለም።

ደኅንነቱን በአጭሩ አላልፈውም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ የ2022 እ.ኤ.አ. መረጃ እንደሚለው በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ከሞቱት ከአራቱ ሦስቱ የሰጠሙ ናቸው፣ ከሰጠሙት ውስጥ 85 በመቶው ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ያ ሁሉ ሕግና ጠባቂ ባለበት አገር ነው። ርካሽ ጀልባ ብቻውን ሲመጣ ብዙ ሰው ወደ ውሃ ይገባል፣ የሚገባው ሰው ደግሞ ልምድ የሌለው ነው። ጀልባውን አርክሳችሁ ጃኬቱን ካስቀራችሁ ያሰፋችሁት ተሳትፎውን ሳይሆን አደጋውን ነው። ጃኬት ስል ለልጅ የልጅ መጠን፣ በትከሻው ስትጎትቱት ጆሮው ድረስ የማይወጣ፣ እግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው። ለሁሉም አንድ መጠን የሚባል ነገር የለም።

ሐዋሳ ላይ ጠዋት ውሃው መስታወት ነው፣ ከምሳ በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ጀማሪን ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ አታስወጡ። ነፋሱ ከዳር ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ከሆነ ጠዋትም ቢሆን ተዉት፣ ምክንያቱም ዳር ላይ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ መቶ ሜትር ስትርቁ ነው የሚይዛችሁ። ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል አትሂዱ። ጉማሬው ያለው እዚያ ነው፣ ጉማሬ ደግሞ ፕላስቲክና ብረት አይለይም። ብልሃርዝያም አለ፣ ጣናም ባቱም ሐዋሳም። ቀንድ አውጣው የሚኖረው ዳር ዳር ሣርና ቅጠል ያለበት ላይ ስለሆነ ጀልባ የምታወርዱበትን ቦታ ከሣር የጠራ አድርጉት፣ ቀዛፊውም በዓመት አንዴ ይመርመር። መድኃኒቱ አለ፣ ርካሽም ነው። አንድ ነገር ግን ታድለናል፤ ውሃችን አይቀዘቅዝም። ሲያትል ወይም ለንደን ያለ ሰው ከጀልባው ሌላ ለቅዝቃዜ የሚሆን ሙሉ ልብስ መግዛት አለበት፣ እናንተ ቁምጣና ቲሸርት ይበቃችኋል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሃያውን እርሱት። አራት ብቻ ግዙ፣ የሁለት ሰው፣ ከላይ የሚቀመጡበት፣ በሞልድ የተሠራ ጠንካራውን። አንዱን በ750 ዶላር ብናስብ 3 ሺህ ነው። አሥር ጃኬት 500፣ አሥር መቅዘፊያ 500። 1,000 ዶላር ይቀራል። እሱን ለጥላው፣ ለገመዱና ከሁሉ በፊት ለዋና ትምህርት አውሉት። የማጓጓዣውና የቀረጡ ከዚህ ውጭ ነው፣ ካልቻላችሁ ጀልባውን ወደ ሦስት አውርዱ እንጂ ጃኬቱን አትንኩ። ጀልባው የማንም የግል አይሁን። አራት ጀልባ ስምንት ሰው ይይዛል፣ አንዱ አሠልጣኝ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሦስት ሦስት ዙር ብታወጡ በሳምንት አርባ ሁለት ጀማሪ ቀዘፈ ማለት ነው። የሁለት ሰው ጀልባ ሌላም ጥቅም አለው፦ ፈሪውን ከደፋሩ ጋር ታስቀምጡታላችሁ፣ በተለይ ሴት ልጆች ላይ እኅት ከእኅት ጋር ስትወጣ ወላጅ በቀላሉ ይፈቅዳል። «ሃያውን ብናካፍል ከዚያም በላይ አይሆንም?» ካላችሁ፣ በቁጥር ይሆናል። ግን ለየብቻቸው የሚቀዝፉ ጀማሪዎችን አንድ አሠልጣኝ ከስድስት ስምንት በላይ መጠበቅ አይችልም። ሐዋሳ ላይ ስንት አሠልጣኝ አላችሁ?

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ያሉትን ዓሣ አጥማጆች አትዝለሏቸው። ሐይቁን ከእናንተ በላይ ያውቁታል፣ ነፋሱ መቼ እንደሚነሳ ሰማዩን አይተው ይነግሯችኋል። አንዱን በቀን አበል አዳኝ ጀልባ ይዞ እንዲቆም ቅጠሩት። መረባቸው ላይ ካልቀዘፋችሁባቸው ወዳጅ ናቸው።

ሸራውን ለሁለት ዓመት አቆዩት። ያኔ መገልበጥን የማይፈሩ፣ ነፋስ የሚያነቡ አሥራ አምስት ሃያ ልጆች ካሏችሁ አንድ ያገለገለ የፕላስቲክ ማስተማሪያ ጀልባ ፈልጉ፣ ሸራውና ምሶሶው ሙሉ የሆነ። የጎደለ ዕቃ ያለው ጀልባ በስጦታም ቢመጣ አትቀበሉ፤ አንዲት የመሪ ማጠፊያ ከውጭ እስክትመጣ ስድስት ወር ትቆማላችሁ።

ለአሜሪካው ወንድም አሁን የምትልኩለት መልእክት አጭር ነው፦ አትግዛ፣ ቆይ። መጀመሪያ ሻጮቹን የእያንዳንዱን ጀልባ ክብደት፣ ርዝመትና የሚችለውን የጭነት መጠን ጠይቆ ይላክላችሁ። የሁለት ሰው ተብሎ የጭነቱ ልክ ከ180 ኪሎ በታች ከሆነ ይለፈው፣ ሁለት ጎልማሳ ሲቀመጥበት ጠርዙ ውሃ ይነካል።